ከባንዲራው በፊት ሥልጠናው ይቅደም



በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሥራ በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ሲቆፈርና ሲነጠፍ ማየት ለከተማችን ሰው ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መንገዱ ሲያልቅ የምንጠቀመው እኛው ነንና አቧራውንም ጭቃውንም ችለናል። ያልቻልነው ሌላ ነው። በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ መኪና እንድታስቆም የተመደበችው ወጣት የተሰጣት እንጨት ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። ማን አሠለጠናት? ማንም!

ባንዲራ ለመያዝ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ያስፈልጋል እንጂ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን ቢይዝም እንኳ ወዲያው አይቆምለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳይሆን እጅግ ቀደም ብሎ መተከል አለበት። ልጅቷም መሀል አስፋልት ሳይሆን ዳር ላይ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ፣ ፊቷን ወደሚመጣው መኪና አዙራ፣ ዘወር የምትልበት ቦታ ይዛ ነው መቆም ያለባት። መንገዱ በአንድ ረድፍ ብቻ ሲያሳልፍ ደግሞ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ባንዲራ ያዦች ካልተያዩ ወይም በሬድዮ ካልተነጋገሩ ሁለቱም «እለፍ» ይላሉ። ከዚያ ሚኒባሱና ገልባጩ መሀል ላይ ይፋጠጣሉ። የማታውማ አይነሳ! ድንጋይና ቅጠል ቀን ያስጠነቅቅ ይሆናል፤ ሲመሽ ግን ድንጋዩ ራሱ አደጋ ነው።

የቀን ሠራተኛ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ማሠልጠን ከንቱ ድካም ነው የሚል ምክንያት ይሰማል። አካፋ የሚይዘው ቢለዋወጥ ግድ የለም፤ ባንዲራ የሚይዘው ግን መለዋወጥ የለበትም። ጥቂት ሰዎች መርጦ ማሠልጠንና እነሱኑ ሥራው እስኪያልቅ ማቆየት በጀት አያናጋም። ደግሞም ውለታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያም ከነአጠቃቀሙ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

እኛም ብንሆን (እውነት እንነጋገርና) ስታስቆመን ክላክስ የምንነፋባትና የምንሳደብ አንጠፋም። ይህ ይቅር።

ማኅበራችን ለሥራ ተቋራጩ የሚያቀርበው ማመልከቻ የባንዲራ ያዦቹ ሥልጠና፣ የማታ መብራትና ለተማሪዎች በቆርቆሮ የተከለለ መተላለፊያ እንዲሟላ ይጠይቃል። ቅዳሜ ጧት ከ3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየመጣችሁ እንድትፈርሙ እናሳስባለን።