ዓሣን በሰዓት ሳይሆን በውሃው ሙቀት መግቡ



የዛሬው ጽሑፍ በኩሬ ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ለምታረቡ፣ በተለይ በወይና ደጋና በደጋ ላላችሁ ነው። ብርዱ ገብቷል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ኩሬውም አብሮ ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ወራት በየቀበሌው የማየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ፣ ገበሬው ዓሣው ቶሎ ክብደት እንዲያነሳ ብሎ መኖ ይጨምራል። የእኔ አቋም ተቃራኒው ነው፦ ቀንሱ። ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጭራሽ አቁሙ።

"አቁሙ" ሲባል ለአንዳንዶቻችሁ እብደት ሊመስል ይችላል። እኛ ከብት ያሳደግን ሰዎች ነን። በሬ ሲበርደው ድርቆሽ እንጨምርለታለን፤ የበላው ገላውን ያሞቅለታል። ዓሣ ግን እንደ በሬ አይደለም፤ የራሱ የሆነ ሙቀት የለውም። ውሃው 17 ዲግሪ ከሆነ የዓሣውም ገላ 17 ዲግሪ ነው። ገላው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ የበላውም ቶሎ አይፈጭለትም። በዚያን ጊዜ መኖ መጨመር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ነው።

ቆሮሶ የቆላ ዓሣ ነው። ደህና አድርጎ የሚበላውና የሚያድገው ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ በጣም ይጓተታል። 16 እና 17 ላይ መብላት ያቆማል። ወደ 10 እና 12 ከወረደ ደግሞ መሞት ይጀምራል። እንግዲህ አስቡት፦ አርባ ምንጭ ያለ አርቢና ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ያለ አርቢ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ እኩል መኖ ይበትናሉ። ይሄ እንዴት ትክክል ይሆናል?

ችግሩ ያለው ከምክሩ ነው ብዬ አምናለሁ። በየሥልጠናው ለገበሬው የሚነገረው "ከዓሣው ክብደት ይህን ያህል በመቶ፣ ጠዋትና ማታ" የሚል ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ለሞቀ ውሃ የወጣ ቁጥር ነው። ይሄ ሳይነገረው የቀረ ገበሬ ታኅሣሥ ላይም ያንኑ ይበትናል። ትጉሁ ገበሬ፣ አንድም ቀን የማያስተጓጉለው፣ ከሰነፉ የበለጠ ይጎዳል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ያልተበላው መኖ የት ይሄዳል? ኩሬው ወለል ላይ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ለዓሣው መተንፈሻ የሚሆነውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገርም ይለቃል። ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው ስትሄዱ ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "ርቧቸው ነው" ይልና መኖ ይጨምርላቸዋል። አልራባቸውም! አየር አጥሯቸው ነው። በዚያ ሰዓት መኖ መጨመር የታፈነ ሰው አፍ ውስጥ እንጀራ እንደመጠቅጠቅ ነው። ይሄን ምልክት ካያችሁ መኖውንም ፍግ መጨመሩንም አቁሙ፣ ከተቻለም ንጹህ ውሃ አስገቡ።

ገንዘቡንም እናስላ። 400 ዓሣ አላችሁ፣ እያንዳንዱ 100 ግራም ገደማ ነው እንበል። ጠቅላላ ክብደታቸው 40 ኪሎ ነው። በሞቀ ውሃ 3 በመቶ ብትመግቡ በቀን 1.2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎና የፉርሽካ ቅልቅል ይሆናል። ውሃው 19 ዲግሪ ሲሆን ግን ሩቡ፣ ማለትም 300 ግራም ይበቃቸዋል። ልዩነቱ በቀን 900 ግራም ነው። በሁለት ወር 54 ኪሎ ይሆናል፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ! ያን ፋጉሎ ለላሟ ብትሰጧት ወተት ይሆናል። ኩሬ ውስጥ ግን መርዝ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቴርሞሜትር ያዙ። ከፋርማሲ የሚገዛው የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ እሱ ለሰው ገላ የተሠራ ስለሆነ ከ35 ዲግሪ በታች አያሳይም። የሚያስፈልጋችሁ ከ0 ጀምሮ የሚያነብ፣ ውስጡ ቀይ አልኮል ያለው ተራ ቴርሞሜትር ነው። አንዱን ለአምስት ስድስት ጎረቤት በጋራ መግዛት ይቻላል። ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ በገመድ ወደ ክንድ ያህል ጥልቀት አውርዱት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አውጡት። ጠርሙሱ ከነውሃው ስለሚወጣ ንባቡ ሳይለወጥ ታዩታላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለኩና የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። ለምሳሌ ጠዋት 16፣ ከሰዓት 22 ከሆነ አማካዩ 19 ነው።

ለቆሮሶ እኔ የምመክረው ይሄን ነው፦

- ከ26 እስከ 30 ዲግሪ፦ ሙሉውን መጠን፣ በቀን ሁለት ጊዜ።
- ከ22 እስከ 25፦ ከሦስት እጅ ሁለቱን።
- 20 እና 21፦ ግማሹን፣ በቀን አንድ ጊዜ።
- ከ17 እስከ 19፦ ሩቡን ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ውሃው ሞቅ ሲል፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ።
- ከ17 በታች፦ ምንም።
- ከ32 በላይ፦ ቀንሱ። የጋለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው።

ቴርሞሜትሩ እስኪገኝ ዓሣውን ራሱን ጠይቁት። የእኛ መኖ ስለሚሰምጥ መበላቱ ከላይ አይታይም። አሮጌ ሰፌድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ፣ መኖውን በእሱ ላይ አድርጋችሁ በኩሬው ጥግ አውርዱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎትታችሁ እዩ። ከተረፈ በማግስቱ ቀንሱ። ምንም ካልቀረ በጥቂቱ ጨምሩ። ለዚህ ሥራ አጎበር አትጠቀሙ፤ አጎበር ለወባ ነው።

"ካልበላማ ይከሳል፣ ጾሙ ሲገባ ምን ልሸጥ?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለ ዓሣ ጉልበቱን ስለማይጨርስ ለቀናት ሳይበላ ቢቆይ ብዙም አይጎዳም። አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ ከሆነ ደግሞ ውሃው ራሱ ጥቂት ይመግበዋል። ሙቀቱ ሲመለስ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል፣ ያኔ ካሳውን መብላት ይችላል። ሁለተኛ፣ ለጾም ገበያ የሚደርስ ዓሣ ታኅሣሥ ላይ በመኖ ብዛት አይሠራም። ክብደቱ መነሳት ያለበት ብርዱ ሳይገባ ነው። ጫጩቱን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጨምሮ ለየካቲት ማድረስ በደጋ አይሆንም። በየካቲትና በመጋቢት አስገቡት፤ ሞቃቶቹን ወራት ይብላበት፤ ብርዱን ትልቅ ሆኖ ይለፍ፤ ለቀጣዩ ጾም ይደርሳል። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ግን እውነቱ ይሄ ነው።

በብርድ ወራት ሌላም ተጠንቀቁ። ያለ ምክንያት መረብ አትጣሉ። በቀዝቃዛ ውሃ የተጎሳቆለ ዓሣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል። ክረምት ላይም ሰማዩ ለቀናት ደመና ሲሆን አረንጓዴው ውሃ ኦክስጅን መሥራቱን ስለሚቀንስ መኖውንም ፍጉንም ቀነስ አድርጉ። ኩሬ ስትቆፍሩ ደግሞ ከአንድ ሜትር አታሳንሱት፤ ጥልቀት የሌለው ኩሬ በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

ከፍ ያለ ደጋ ላይ ላላችሁ ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ውሃችሁ አብዛኛውን ዓመት ከ20 በታች ከሆነ ቆሮሶን የሙጥኝ አትበሉ። ካርፕ ብርድን በጣም ይችላል። በሌላ አገር ሰዎች ለጌጥ በኩሬ የሚያኖሩት፣ ኮይ የሚባለው ባለቀለም ዓሣ የዚሁ የካርፕ ዘር ነው። የኮይ አርቢዎች እንኳን ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መኖ ያቆማሉ። ለጌጥ የሚያረባ ሰው ቴርሞሜትር እያየ ከመገበ፣ የልጆቹን ደብተር ከዓሣ ሽያጭ የሚገዛው ገበሬ ለምን በግምት ይመግባል?

ስለዚህ ለኃላፊዎችና ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ። ጫጩት ስታከፋፍሉ አንድ ቴርሞሜትርና ከላይ ያለውን የመመገቢያ መጠን በአንድ ገጽ ጨምራችሁ ስጡ። ከዓሣው፣ ከመኖውና ከቁፋሮው ጉልበት ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው። ገበሬው ሙቀቱን ማንበብ ያቅተዋል የሚል ካለ አልቀበልም፤ ስልኩን በደንብ ያነብ የለም እንዴ?

እናንተም ከነገ ጠዋት ጀምሩ። ውሃችሁ ስንት ዲግሪ እንደሆነና የምትኖሩበትን አካባቢ ጻፉልኝ፣ መጠኑን አብረን እናሰላለን። ጽሑፉን ኩሬ ላለው ጎረቤታችሁም ላኩለት፤ ስልክ ከሌለው አንብቡለት።

ምርቱ ይባረክ!