ሽታው ለንጽሕናው ዋስትና አይሆንም

በአርሶ አደሩ ጓሮ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጦስኝና ኮሰረት አይጠፉም። ጤና አዳሙ ለቡናው፣ በሶብላው ለበርበሬና ለሽሮው፣ ኮሰረቱ ለቅቤው ይውላል፤ ልጅን ሆዱን ሲቆርጠው እናት ቀድማ የምታስበው የጓሮዋን ቅጠል ነው። ገበያ ላይም ሁሉም የሚያየው ልምላሜውን፣ የሚያሸተውም መዓዛውን ነው። ተክሉ የበቀለበትን አፈርና የጠጣውን ውኃ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው ፋብሪካ በበዛባቸው ከተሞች ግርጌ ይበረታል። በኮምቦልቻ ከተማ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉ ጅረቶች ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባሉ። በጅረቶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምና ዚንክን የመሳሰሉ ከባድ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ቦርከና ደግሞ ከከተማዋ በታች ለመስኖ የሚውል ወንዝ ነው።

ተክል ከባድ ብረት ሲገጥመው ዝም ብሎ አይቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ ብዙውን በሥሩ ይዞ ያስቀራል፤ አልፎ የገባውን ደግሞ ራሱ ከሚሠራቸው ውህዶች ጋር አስሮ በሴሎቹ ውስጥ ያጠራቅማል። መጠኑ ሲበዛ ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱ ይቀጭጫል፣ የዘይቱ መጠንና ይዘትም ሊለወጥ ይችላል። አሳሳቢው ግን ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ተክሉ ለምልሞና መዓዛው ሳይጎድል ብረቱን በቅጠሉ ሊይዝ ይችላል። ማጠብም አቧራውን እንጂ በሥር የገባውን አያስወግድም። የዓለም ጤና ድርጅት በደረቅ የመድኃኒት ተክል ውስጥ ካድሚየም በኪሎ ግራም ከ0.3 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሲባል ግን መሬቱ ጦም ይደር ማለት አይደለም። ብረቶቹ ከዘይቱ ጋር በእንፋሎት አይወጡም። በቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ አቅራቢያ በብረት ማቅለጫ ዙሪያ በተመረተ ናና ላይ የተደረገ ጥናት፣ ምርቱ ቢቀንስም ዘይቱ በብረቶቹ አለመበከሉን አረጋግጧል። ስለሆነም በተጠረጠረ ማሳ ላይ ለምግብና ለመድኃኒት የሚውል ቅጠል ከማምረት ይልቅ፣ ለዘይት የሚውል ጠጅ ሳርና ናና ማልማት የተሻለ አማራጭ ነው። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎች ያካበተው ልምድም ለዚህ ያግዛል። ተጨምቆ የቀረው ተረፈ ምርት ግን ብረቱን ስለያዘ ለከብት መኖነትም ሆነ ለኮምፖስት መዋል የለበትም።

አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከምና ኮምፖስት መጨመር ተክሉ የሚወስደውን ካድሚየም ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚጀምረው ከምርመራ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ችግኝ ከማከፋፈላቸው በፊት የአፈሩንና የመስኖ ውኃውን ናሙና ማስመርመር፣ ውጤቱንም ለአርሶ አደሩ በግልጽ መንገር ይኖርባቸዋል። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ፋብሪካም በሕግ ሊጠየቅ ይገባል፤ ማሳውን የበከለው አርሶ አደሩ አይደለምና ኪሳራውን ብቻውን ሊሸከም አይገባም። እናት ለልጇ የምትቀጥፈው ቅጠል መድኃኒት ሆኖ መቀጠል አለበት።