ብሎክ አንድ ለምን ተዘጋ?

ከ7ኛ ለ ክፍል ተማሪ

 

ብሎክ አንድ ከባንዲራው ጀርባ ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገው ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። አዲሱ ፎቅ ካለቀ ወዲህ ማንም አይማርበትም። የተሰበረ ዴስክና አሮጌ ሰሌዳ ታጭቆበት ተቆልፏል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ጅብ ያድርበታል ይላሉ (ውሸት ነው፣ ድመት ናት)።

እኛ የክበብ ልጆች ግን ክፍል የለንም። የሚኒ ሚዲያ ማይክና ሞንታርቦ የሚቀመጠው መምህራን ማረፊያ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ጠዋት ልናወጣ ስንሄድ መምህራን ሻይ ላይ ስለሚሆኑ አፍረን በር ላይ እንቆማለን። ባለፈው ማክሰኞ ዜናው ሳይነበብ ሰልፉ ያለቀው በዚህ ነው። ድራማ የምንለማመደው ሽንት ቤቱ ጀርባ ነው። የቀይ መስቀል ክበብ ፋሻና አልኮል በአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይዞራል፤ እሷ ከቀረች የወደቀ ልጅ ደሙን በሶፍት ይጠርጋል። ይህን መጽሔት ራሱ የጻፍነው እኛ ቤት ነው። ገጽ 6 ላይ ያለው የቡና ጠብታ የእናቴ ነው፣ ይቅርታ።

ይህን ሳማርር አያቴ ሰማችኝና "ያን ቤት እኮ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ያሠራው ነው" አለችኝ። እኔ መንግሥት ብቻ የሠራው ይመስለኝ ነበር። የኅብረተሰብ መምህራችንን ስጠይቃቸው ነገሩን አስረዱኝ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መንግሥት በስዊድን እርዳታ በየአገሩ ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። ግን እርዳታው ብቻውን አልነበረም፤ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። ለካ አያቴ እስከ ዛሬ "የስዊድኑ ትምህርት ቤት" የምትለው ለዚህ ነው።

አያቴ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ለግንበኞቹ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። ቤቱ ሲያልቅ ወንድሞቿ ተመዘገቡ፣ እሷ ግን "ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል" ተብላ ቀረች። የገባችበት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው፤ በማታ፣ በፋኖስ፣ አጎቴን በጀርባዋ አዝላ። ስሟን መጻፍ የተማረችው አራተኛው ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ደግሞ እዚያው ክፍል ሦስተኛን ተምራለች። ይሄ ሁሉ የትም አልተጻፈም። በራችን ላይ ያለው ታፔላ የትምህርት ቤቱን ስምና የስልክ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው።

አንዳንድ የክፍላችን ልጆች ፈርሶ ኳስ ሜዳ ይሁን ይላሉ። ኳስ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ሜዳ አለን እኮ! የጎደለን መረብ ነው። ጣሪያው ያፈሳል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ዕቃ ስናስገባ አይቻለሁ፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሰማይ ይታያል። አራተኛው ግን ቆርቆሮው የተቀየረ ነው፣ ወለሉም ደረቅ ነው።

ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ግንበኛ አምጥቶ ግድግዳውን ያሳይልን። አያሰጋም ካለ አራተኛው ክፍል ለክበባት ይሰጥ፣ ሌሎቹ ዕቃ ቤት ይሁኑ። ጽዳቱን እኛ እንሠራለን። ዴስኮቹንም ቆጥሬያለሁ፣ 23 ናቸው፤ ብዙዎቹ ምስማር ብቻ ነው የሚፈልጉት። አይሆንም፣ ይፈርሳል ከተባለም እሺ፣ ሰው ላይ ከሚወድቅ ይፍረስ። ግን ከመፍረሱ በፊት እነዚያን ድንጋይ የተሸከሙትን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተጠይቀው በሚኒ ሚዲያ ይነገርልን፣ ስማቸውም ይጻፍ። አያቴ ዓርብ በእረፍት ሰዓት መጥቼ እናገራለሁ ብላለች። ማይኩን ብቻ ከቁም ሣጥኑ አውጡልን።