«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት

እህቶቼ፣ ማዳሞች ስለሚቅበጠበጥ ልጅ «ፈርጥ ሐረካ አለበት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የችግሩ የዐረብኛ ስም ግን ሁለተኛ ክፍልም አለው፦ «ተሸቱት አል-ኢንቲባህ»፣ የትኩረት መበታተን። ብዙ ሰው ሲያድግ መቅበጥበጡ ይቀንስለታል፤ መርሳቱ፣ ማዘግየቱና ጀምሮ አለመጨረሱ ግን አብሮት ሊዘልቅ ይችላል።

ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን በደመወዛችን ታናናሾቻችንን ስለምናስተምር ነው። በኬሚስትሪ ማስተርሱን የጀመረ ወንድማችን የመመረቂያ ጽሑፉ ሲጓተትበት «እኔ እዚህ ስለፋ እሱ ይቀልዳል» እንላለን። በመጀመሪያ ዲግሪው ጊዜ የፈተናው ፕሮግራም ያስሮጠው ነበር። በምርምር ግን የወራትን ሥራ ራሱ ከፋፍሎ መምራት አለበት፤ ጎበዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የዘገየ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት ከነበረ ግን የአእምሮ ሐኪም ይየው። መድኃኒቱን ከዚህ በሰው እጅ አንላክ፤ ሜቲልፌኒዴት እዚህ ጥብቅ ቁጥጥር አለበት፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ሊያሳስር ይችላል።

ስንደውልም «መቼ ትጨርሳለህ?» የሚለውን ትተን «ዛሬ የትኛውን ገጽ ትጽፋለህ?» እንበለው። በዕረፍት ቀናችን ስልኩን ሳንዘጋ እሱ ይጻፍ፣ እኛም ልብሳችንን እንጠብ። አብሮት የሚሠራ ሰው ሲኖር ሥራ መጀመር የሚቀለው ብዙ ነው።