ዝግጁ ድምፅና ዝግጁ ጆሮ

የዘመናዊ ሙዚቃችን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል። አያሌ ነፋሾችና ጊታር መቺዎች የነበሩት ባንድ ቦታውን ለአንድ ኪቦርድ ተጫዋች መልቀቅ ከጀመረ ወዲህማ ክሱ እየበረታ ሄዷል። ከሳሾቹ «ማሽን ነፍስ የለውም» ይላሉ። ተከላካዮቹ በበኩላቸው «ማሲንቆውም፣ ክራሩም፣ ዋሽንቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተሟልቶ ሳለ ምን ጎደለ?» ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ስሕተት የተሳሰሩ ናቸው። ሁለቱም ድምፅን በመሣሪያው ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ፣ ቁልፍ ሲነካ የሚወጣ ሸቀጥ አድርገው ያዩታል። ጆሯችንን ያደነዘዘው መሣሪያው ሳይሆን ይኸው እምነት ነው።

መሣሪያው ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 ለሕዝብ ያቀረባቸው፣ በቮልቴጅ የሚታዘዙ ክፍሎች አንድም ዝግጁ ድምፅ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግም ድምፅ የሚያኖርበት ማኅደር ስላልነበረው ተጫዋቹ የሚሻውን ድምፅ በየጊዜው በእጁ መሥራት ግድ ይለው ነበር። ልማዱ እየተለወጠ የሄደው ማኅደር ያላቸው መሣሪያዎች ሲበራከቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 በውስጡ 32 ድምፆች ይዞ ቀረበ። አሠራሩ ረቂቅ፣ ድምፁን መለወጡም አድካሚ ስለነበር ብዙው ተጫዋች በቀረበለት ረክቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «መጫወት» ማለት «መምረጥ» ማለት ሆነ።

ለመሆኑ በዚህ ልማድ የተዘነጋው ጥበብ ምንድን ነው? ኦሲሌተር የሚያወጣው ጥሬ ድምፅ እንዳልተጠረበ ቋጥኝ ነው። በመጋዝ ጥርስ ቅርጽ የሚጓዘው ሞገድ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ አያሌ ተደራቢ ድምፆች ይዟል። ፊልተር ወይም ማጣሪያ የሚባለው ክፍል፣ ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ሻካራውን እንደሚያስቀር፣ ከተወሰነ መቁረጫ ነጥብ በታች ያሉትን አሳልፎ ከዚያ በላይ ያሉትን ያደክማል። ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ማጣሪያ ከመቁረጫው በላይ ድምፁን በየኦክታቩ በ24 ዴሲቤል ይቀንሳል። ነጥቡ ዝቅ ሲል ድምፁ ይጨልማል፤ ከፍ ሲል ይፈካል።

ሬዞናንስ የተባለው ደግሞ ከማጣሪያው ከወጣው ድምፅ ከፊሉን መልሶ ወደ መግቢያው በመስደድ በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያለውን ያጎላዋል። በጥቂቱ ሲጨመር ድምፁ መልክ ያወጣል፤ ሲበዛ ያፏጫል። በብዙ መሣሪያዎች ከመጠን ሲያልፍ ማጣሪያው ምንም ሳይገባበት ራሱ መዝፈን ይጀምራል። ስለሆነም እንደ በርበሬ ልክ የሚሻ ነገር ነው። ልኩንም የሚያውቀው ፋብሪካው ሳይሆን ዜማውን የያዘው ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ግን መቁረጫው ነጥብ የቁልፎቹን ከፍታ እንዲከተል የሚያደርገው ሥርዓት ነው። ነጥቡ በ880 ኸርዝ ቢቆም፣ 110 ኸርዝ የሆነው ድምፅ ስምንት ተደራቢዎቹን ይዞ ያልፋል፤ 440 ኸርዝ የሆነው ግን ሁለቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ዜማው ወደ ላይ በወጣ መጠን ይደበዝዛል ማለት ነው። ነጥቡ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ሲከተል ለ440ው ወደ 3520 ኸርዝ ይወጣና ስምንቱም ይመለሳሉ። ሚኒሙግ ለዚሁ ሁለት ማብሪያዎች ነበሩት፤ አንዱ ሢሶውን፣ ሁለተኛው ሁለት ሢሶውን፣ ሁለቱ በአንድነት ሙሉውን ያስከትላሉ።

«እንግዲያውስ ሁልጊዜ ሙሉውን ማስከተል ነዋ» የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ማሲንቆ መቺው ጣቱን ወደ ላይ ስለወሰደ የማሲንቆው ገበቴ አያንስም፤ ዘፋኝ ድምፁን ስላቀጠነ ጉሮሮው የሕፃን አይሆንም። የአካሉ ማስተጋቢያ በአመዛኙ ባለበት ይጸናል። የአንድ ማሲንቆ አንዲት ድምፅ ተቀርጻ በኪቦርዱ ሁሉ ላይ ስትለጠጥ ግን ከዜማው ጋር ገበቴውም አብሮ ይሸሻል፤ በላይኛው ቁልፍ መጫወቻ የሚያህል ማሲንቆ፣ በታችኛው ቤት የሚያህል ማሲንቆ ይሰማል። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ውሸቱ ይሰማዋል። «ነፍስ የለውም» የሚለውም ስለዚህ ነው። የጎደለው ግን ነፍስ አይደለም፤ ምን መከተል፣ ምን መጽናት እንዳለበት የሚወስን ሰው ነው።

ባህልን ከማሽን እንጠብቃለን የሚሉትም የራሳቸውን ባህል ቢመረምሩ መልካም ነው። በገና ደርዳሪ ዐሥሩን አውታር ቃኝቶ ብቻ አይነሣም። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገቡትን የቆዳ ቁራጮች እያነቃነቀ፣ የሚሻውን ንዝረት እስኪያገኝ ይደክማል። ይህ ድምፅን የመቅረጽ ሥራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች ጋር አጣምሮ የቀረጸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በውጭ አገር አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ኤሌክትሪክ በራሱ የቅኝት ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

«አድማጩ ልዩነቱን አያውቅም» የሚለው የስቱዲዮዎች ምክንያትም ሚዛን አይደፋም። አንድ ዓይነት ድምፅ ዓመታት ሙሉ የተመገበ ጆሮ ሌላ አለመጠየቁ ጥጋቡን ሳይሆን ረሀቡን መልመዱን ያሳያል። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ኪቦርድ የሚማር ወጣት ከጣት ልምምዱ ጎን ማጣሪያውን በእጁ ማዞር ይማር። አቀናባሪም ለአንድ ዘፈን የሠራውን ድምፅ እንደ ዜማው ሁሉ የድርሰቱ አካል አድርጎ ይቁጠረው፤ ሐያሲም ይጠይቀው። ገጣሚ ቃላቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ሙዚቀኛው በሌላ ሰው ድምፅ ሲናገር ዝም ሊል አይገባውም።