ፒዛና የእኛ ስልስ

  ዛሬ ጠመኔውን አስቀምጬ ጓዳ ልገባ ነው። «አስተማሪንና ጓዳን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፤ ያገናኘን ጉዳይ አለ።

አስራ ሁለት ዓመት ልትደፍን የተቃረበች ልጅ አለችኝ። ባለፈው ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ልደቷን ፒዛ ቤት አከበረች። የእኔዋ ግን ስጦታ የምትይዝበት ስላልነበረን ሳትሄድ ቀረች። የራሷ ልደት ሲደርስ «ምን ይደረግልሽ?» ብላት «ምንም፤ ማንንም አልጠራም» አለችኝ። ለምን ብላት ዝም። ኋላ ለእናቷ «እኛ ቤት መጥተው ምን ሊበሉ ነው?» ማለቷን ሰማሁ። አባት ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ፒዛ ቤት ጎራ ብዬ ዋጋውን አየሁት። የአንዱ ዋጋ የእኛን የብዙ ቀን እራት ይበላል። እንግዲህ እቤት ይሠራ ተባለ። ባለቤቴ ቅዳሜም በጠዋት ለሥራ ስለምትወጣ ቅዳሜ ጂኮው የእኔ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነልኝም። ዘይቱን በደንብ አግዬ ነጭ ሽንኩርቱን ብቻውን ጨመርኩትና አረረ። ቲማቲሙን ከተትኩ፤ ቸኩዬ ገና ውሃው ሳይመጥ አወረድኩት። መራራም ኮምጣጣም ቀይ ውሃ ሆነ። ጎረቤታችን እማማ ሽታው ጠርቷቸው ብቅ አሉና ቀመሱት።

«አንተ ልጅ፣ ስልስ ሠርተህ አታውቅም እንዴ?»

«አውቃለሁ እማማ፤ ይሄ ግን የፒዛ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው? በርበሬውን ተወውና ታገስ።»

እውነታቸውን ነው። እኛ ቁርስ ላይ በዳቦ የምንበላው ስልስ ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛው «ሳልሳ» ነው፤ ትርጉሙም ያው ማባያ ማለት ነው። ፓስታ ላይ የምናፈሰው ስጎም እንደዚሁ ከጣልያን የመጣ ቃል ነው፤ ፉርኖም፣ መኮረኒም። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ ቆይቶ ተባረረ፤ ቃሉና ድስቱ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። በርበሬ ጨመርንበትና የእኛ አደረግነው። አዲስ አበባ ደግሞ ፒዛውንም በጾም ቀን ያለ አይብ፣ በአትክልት ብቻ ሠርታ «የጾም ፒዛ» ብላዋለች። ቲማቲም ራሱ ለጣልያንም እንግዳ ነበር፤ ከአሜሪካ አህጉር ተሻግሮ ነው አውሮፓ የገባው። ስለዚህ ልጆቻችን ፒዛ የሌላ ሰው ምግብ ነው ብለው አንገት የሚደፉበት ምክንያት የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ያዙ። እዚህ ኬንያ «ኛኛ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ ያው ቃል አያትም ማለት ነው፤ ልጄ ይህን በተማረች ቀን ስትስቅ ዋለች። ወደ ማታ ገበያ ሲበተን ለስለስ ያለው ቲማቲም ይረክሳል፤ ለዚህ ሥራ የሚሻለውም እሱ ነው። ሻጋታ ያለበትን ግን አትውሰዱ፤ በለስላሳ ፍሬ ውስጥ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ይገባል።

ቲማቲሙ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ 1 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ልጡና በእጃችሁ ወይም በጭልፋ ጨፍልቁት። ድስት ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉና አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በቀስታ አቁላሉ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፤ ሽታው እንደወጣ፣ ሳይጠቁር፣ ቲማቲሙን ክተቱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከዚያ ሳይከደን፣ በለዘበ እሳት፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። አልፎ አልፎ አማስሉት። ግማሽ ያህል ሲቀርና ማንኪያው ያለፈበት መንገድ ቶሎ ካልተከደነ ደርሷል። ከኮመጠጠ ቁንጥር ስኳር ያስተካክለዋል። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈተገ በሶብላ ነስንሱበት። ጣልያኖች የሚጨምሩት ቅጠል የበሶብላችን ዘመድ ነው። ከሌለ ጦስኝም ይሆናል።

ቲማቲም አሲድ ስላለው አልሙኒየም ድስት ውስጥ አይደር፤ ወደ ሳህን ገልብጡት። ማቀዝቀዣ ለሌለን ሰዎች በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ ማስቀመጥ በትክክል ካልተሠራ መርዝ ሊያፈራ ይችላልና አትሞክሩት።

ስለ እሳቱም አንድ ነገር ልበል። ሸክላ የተገጠመለት የኬንያ ጂኮ የአገር ቤቱ የላቀች ምድጃ ዘመድ ነው፤ ከሰል ይቆጥባል። ነገር ግን የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምንኖር ሰዎች በር ወይም መስኮት ሳንከፍት አናብስል፤ ጂኮውንም ይዘን አንተኛ።

ካምፕ ላላችሁት ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን እንዴት እንደተቀነሰ ለእናንተ አይነገርም፤ በዚህ ጊዜ ስለ ፒዛ መጻፍ ትንሽ አሳፍሮኛል። ሆኖም ትኩስ ቲማቲም ሲጠፋ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ በቁሌቱ ላይ ትንሽ አቁላልታችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብትጨምሩበት በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ለቂጣም ለባቄላም ማባያ ነው፤ ፒዛ መሆን የለበትም።

እኛ ቤት ግን ፒዛ ሆነ። ሊጥ ለመጋገር ምጣድ ስላልነበረን ቻፓቲ ጋግረን ስልሱን ቀባንበት፤ ግማሹ ላይ ዓይብ፣ ግማሹ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት አድርገን መጥበሻው ላይ ከድነን አሞቅነው። አራት ልጆች መጡ፤ ሁለቱ ኬንያውያን፣ አንዷ ሶማሊያዊት፣ አንዷ የእኛው ልጅ። ስምንት ቻፓቲ አለቀ። አንደኛዋ «ይሄ የሚሸተው ቅጠል ምንድነው?» ብላ ስትጠይቅ ልጄ «በሶብላ፤ የአገሬ ነው» አለቻት፤ ድምፅዋም ዝቅ አላለም።

እማማም የድርሻቸውን ቀምሰው «አሁን ስልስ ሆነ» አሉኝ። ከዚህ በላይ ማርክ አልጠብቅም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።