ቁጥሩ ከነመለኪያው ይጻፍ

«ሂሳብ ብወድ ኖሮ እዚህ ዲፓርትመንት ምን አመጣኝ?» የሚለውን ቀልድ ግቢያችን ውስጥ ያልሰማ የለም። እኔ ግን በዚህ ቀልድ አልስማማም። ጋዜጠኛን ቀመር ፍጠር ያለው የለም፤ አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መቀየር ግን የሥራው አካል ነው። ለዚህም ብዙዎቻችን የምንሸሸውን አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ የሚሽከረከር ነገር ፍጥነት።

ነገሩ እንደሚፈራው አይደለም። ኸርዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ ተደጋገመ ማለት ነው። መካኒኮች አር ፒ ኤም የሚሉት ደግሞ በደቂቃ ስንት ዙር እንደተዞረ ይናገራል። ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ ዙሩን ለ60 ማካፈል ነው፤ በቃ! የመኪና ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ከዞረ በሰከንድ 50 ጊዜ ዞረ፣ ማለትም 50 ኸርዝ ሆነ። በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው ትንሹ የሙዚቃ ሸክላ ደግሞ 0.75 ኸርዝ ነው። በ33⅓ ዙር የተቀዳ ሸክላ በ45 ቢጫወት 1.35 ጊዜ ይፈጥናል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይቀጥናል። የድሮ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ የሬዲዮ ባለሙያ ይህን ካላወቀ ለትውልድ የሚያስቀምጠው የተበላሸ ድምፅ ነው።

መሐንዲሶች ሦስተኛ መለኪያ አላቸው፤ ራዲያን በሰከንድ። አንድ ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን ገደማ ስለሆነ ያው 3,000 ዙር 314 ራዲያን በሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ 3,000፣ 50 እና 314 አንድ ፍጥነት ናቸው። መለኪያቸው ሲረሳ ግን ሦስት የተለያዩ ወሬዎች ይሆናሉ።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ኃይል ማመንጫ ጋ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። አንድ መሐንዲስ «ጄኔሬተሩ በደቂቃ 125 ዙር ይዞራል» ቢለን ለ60 አካፍለን 2.08 ኸርዝ ገደማ እናገኛለን። ታዲያ 50ው የት ገባ? የትም አልገባም። 48 የማግኔት ዋልታዎች ያሉት ጄኔሬተር በአንድ ዙር 24 ጊዜ የተሟላ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይሰጣል። 125ን በ24 አባዝተን ለ60 ብናካፍል ልክ 50 ይመጣል። የማሽኑ ዙርና የመብራቱ ፍሪኩዌንሲ ለየቅል ናቸው ማለት ነው።

ይህን ያልጠየቀ ዘጋቢ «ማሽኑ ከሚጠበቀው በታች እየሠራ ነው» ብሎ ቢጽፍስ? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ያሰራው ሕዝብ ቦንድ የገዛው ከጉሮሮው ቀንሶ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሥራ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍ በሰው ልፋት ላይ መቀለድ ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ እውነተኛ ችግር ሲኖር በቁጥር ጋጋታ ቢሸፋፈንብን አናውቅም።

«መሐንዲሱ ያውቃል፣ እኛ የነገረንን እንጻፍ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መሐንዲሱ ማወቁንስ ያውቃል፤ ግን የሚናገረው ለሙያ ጓደኛው በለመደው አጭር ቋንቋ ነው። ለእናቴ የሚገባትን አማርኛ የማምጣት ኃላፊነት የእኔ ነው። ደግሞስ መቀየር መች ብርቃችን ሆነ? የውጭ ዜና ስንተረጉም ከዓመተ ምሕረቱ 7 ወይም 8 እንቀንሳለን፣ ሰዓቱንም በ6 እናስተካክላለን። ያንን ማንም ሂሳብ ነው ብሎ አልሸሸም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው። በዜና አጻጻፍ ኮርሳችን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ለመለኪያዎች ይሰጥ። እስከዚያው እኛው ተማሪዎች ቁጥር በሰማን ቁጥር «በሰከንድ ነው በደቂቃ? የምኑ ዙር?» ብለን እንጠይቅ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ ትልቁን ዜና ደግፋ የምታቆመው ይህች ትንሽ ጥያቄ ናት።